ማህተሙን ተዉትና ብሩሹን እዩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ድሮ የጃፓን ሸክላ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። «መጀመሪያ ዕቃውን ገልብጣችሁ ማህተሙን አንብቡ» ይላል። እኔ የተሸወድኩት ልክ እንደዚያ አድርጌ ነው።

ከስሩ «በእጅ የተሳለ፣ ኒፖን» የሚል የአበባ ማስቀመጫ አገኘሁ። አሜሪካ ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ስላስገደደች ጃፓኖቹ ኒፖን (በቋንቋቸው ጃፓን ማለት ነው) እያሉ ይጽፉ እንደነበር፣ በ1921 ደግሞ ቃሉ ቀርቶ ጃፓን እንዲባል እንደተወሰነ አንብቤ ነበር። በቃ፣ መቶ ዓመት ያለፈው ነው ብዬ ገዛሁት። ቤት ገብቼ በአጉሊ መነጽር ሳየው ጽጌረዳዋ ከላይ እስከ ታች ጥቃቅን ነጠብጣብ ናት፤ እናንተ ጋዜጣው ላይ እንደምታትሙት ፎቶ! የታተመ ተለጣፊ እንጂ ብሩሽ የሚባል ነገር አልነካትም። ማህተሙም ፎርጅድ።

ለነገሩ ማህተም ላይ መቀለድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በኪዩሹ ደሴት፣ አሪታ ላይ ፖርሴሊን (ነጩ ጠንካራ ሸክላ) መሠራት የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። የአሪታ ሠሪዎች ግን ብዙ ጊዜ ከሳህኑ ስር የሚጽፉት የቻይናውን የቼንግኋን ስም ነበር፤ ሰውየው የነገሠው ከ1465 እስከ 1487። ማህተሙን ያመነ ሰው አገሩንም ዘመኑንም ይስታል ማለት ነው። ጭራሽ ምንም ያልተጻፈበት ጥሩ የድሮ ዕቃም ሞልቷል።

ብሩሽ ግን ያስታውቃል። መስመሩ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል፣ ብሩሹ የተነሳበት ላይ ቀለሙ ጠቆር ብሎ ይጠራቀማል። ሁለት ቅጠል ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆነ እኔ እጠረጥራለሁ። የኢማሪ ሳህን ካገኛችሁ ደግሞ (ኢማሪ የአሪታ ዕቃ የሚጫንበት ወደብ ስም ነው፣ ብዙ ሰው የተሠራበት ቦታ ይመስለዋል) ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ አሳልፉበት። ሰማያዊው ልስልስ ያለ ነው፣ ምክንያቱም ኮባልቱ ከመስታወት መሰሉ ልባስ ስር ነው ያለው። ቀዩ ግን ጣት ላይ ትንሽ ይሰማል። እሱና ወርቁ ልባሱ የሚተኮስበትን ትልቅ እሳት ስለማይችሉት ልባሱ ላይ ተቀብተው ለብቻቸው በለዘብተኛ እሳት ይተኮሳሉ። ወርቁ ቶሎ የሚለቀውም ለዚህ ነው። አንዴ ሻካራ ስፖንጅ ይዤ አንድ ሙሉ ጠርዝ አጥቤ ጨርሻለሁ፣ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ስታወጡ የዕቃውን ቂጥ ሳይሆን ስዕሉን ቀረብ አድርጋችሁ አንሱልን። ያ ማስቀመጫዬ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። እስክሪብቶ አስቀምጥበታለሁ።

አንባቢያችሁ