ከ«ወላጅ አምጣ» በፊት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

መምህራንና የጤና ባለሙያዎች በልጅ ላይ ጥቃት ሲጠረጥሩ የማሳወቅ ግዴታ ይጣልባቸው ሲባል «የወላጅ መብትስ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሁን ያለው አሠራር ግን ልጁንም ወላጁንም አይጠብቅም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 11፣ ወንጀሉን በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ የማመልከት መብት እንዳለው ይናገራል። ግዴታው ግን ጠባብ ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 443 በዋናነት የሚቀጣው፣ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል እያወቀ ዝም ያለውን ነው። ልጅን መደብደብ፣ ከአቅሙ በላይ ማሠራት ወይም ችላ ማለት በአንቀጽ 576 ያስቀጣል፤ አይቶ ያለፈው መምህር ግን በ443 አይጠየቅም።

ክፍተቱን ልማድ ሞልቶታል። እዚህ አዳማ ልጁ ጀርባው ሰንበር አውጥቶ ሲመጣ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። የመታችው ልጁን ከገጠር አምጥታ የምታሳድገው ዘመድ ከሆነች፣ ነገሩ መታወቁን ከትምህርት ቤቱ ትሰማለች። ማታ «ማን አውራ አለህ?» ተብሎ ዱላው ይደገማል፤ አለዚያም ልጁ ወደ ሌላ ዘመድ ይላካል። የወሲብ ጥቃት ሲሆን ደግሞ ሽማግሌ ይገባና ቀን ይገፋል። ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ልጅቷ ሳትታጠብ ሆስፒታል ትድረስ፤ የለበሰችው በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሸዋል።

ንጹሕ ወላጅን የሚያድነው የሪፖርቱ አጻጻፍ ነው። «አባቱ ደብድቦታል» ብሎ የጻፈ መምህር ፈርዷል። የሚጻፈው ቀኑና ሰዓቱ፣ ጉዳቱ ያለበት ቦታና ስፋቱ፣ ልጁ በራሱ አፍ ያለው ነው። «ምን ሆንክ?» ይበቃል፤ «አባትህ ነው አይደል?» ከተባለ ቃሉ ችሎት ፊት ይረክሳል። ቦታው ራሱ ብዙ ይናገራል፦ ጉልበትና ቅልጥም ላይ የበለዘ ነገር በአብዛኛው የጨዋታ ነው፤ ጆሮ፣ አንገት ወይም መቀመጫ ላይ ሲታይ፣ ይልቁንም ገና ያልዳኸ ሕፃን ላይ ሲሆን፣ መጠርጠር ይገባል። የብዙ ሕፃናት ወገብና መቀመጫ ላይ ሲወለዱ ጀምሮ ያለው ሰማያዊ ምልክት ግን ምት አይደለም፤ የምት ምልክት በሁለት በሦስት ሳምንት ይጠፋል፣ ይህኛው ይቆያል። ዋግምት የሚተወው ክብም ያሳስታል። ይህን የማይለይ ሰው ላይ ግዴታ መጫን አደገኛ ስለሆነ ሥልጠናው ይቅደም።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 68 ልጅን በአግባቡ የመቅጣት መብትን ያውቃል። ሰንበር፣ ቃጠሎና ስብራት ግን በዚያ ሊሸፈኑ አይገባም። አዲሱ ግዴታ የጠቋሚውን ስም ይሰውር፤ በቅን ልቦና የተሳሳተውንም አያስከስስ። ወላጅም የቀረበበትን በጽሑፍ አውቆ መልስ የሚሰጥበት ቀን ይቆረጥለት። ሪፖርቱ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ሳይቆም በቀጥታ ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይድረስ።

በሕፃናት ጥበቃ ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች፣ ከአዳማ