ጭልፋው ቅቤ ነክቷል ወይ?

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የለንደን ብርድ ግን ከአሁኑ አጥንት ይሰብራል።

ባለፈው በስልክ «ሥራ ቦታ ምን ያጣላችኋል?» ስትዪኝ ተረኛ ስለነበርኩ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ጠቡ የምግብ ነው። አትሳቂ!

አረጋውያን በምንጦርበት ቤት አንዲት ቪጋን ልጅ አለች። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አትነካም። «ታዲያ ጿሚ ናታ» እንዳትዪ፣ የሷ ፍስክ የለውም። ማርም አትቀምስ፣ የቆዳ ጫማም አታደርግ። ወጥ ቤት የሚሠራው ሰውዬ ደግሞ ሥጋ ካልበላ የበላ አይመስለውም። ጠዋት ጠዋት የአሳማ ሥጋውን ሲጠብስ ሽታው እንዲደርሳት በሩን ይከፍታል። (አሳማውን እንኳ እኔም አልወድለትም።) «ካሮቱስ ሲነቀል አያመውም?» ይላታል። ሁሌ ይቺኑ ቀልድ።

እሷም አትተኛለትም። ጥጃዋን የተነጠቀች ላም ፎቶ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችበት። እዚህ የወተት ላም ጥጃ በተወለደ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከእናቱ ይለያል። እኛ ጋ ጥጃ ሳይጠባ ላም መች ትታለባለች? እዚህ ላይ ልቤ ወደሷ አደላ። ግን ሰው ሻዩ ላይ ወተት ሲጨምር አፍጥጦ ማየትስ ደግ ነው?

ነገሩ አለቃ ዘንድ ደረሰ። በነሱ አቆጣጠር በ2020 አንድ የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት፣ ከልብ የታመነበት የቪጋን አቋም እንደ ሃይማኖት ሁሉ ከአድልዎ በሕግ ይጠበቃል ብሎ ወስኗል። ሰውዬው ተመከረ፣ አኮረፈ። የሻይ ሰዓታችን ለቅሶ ቤት ሆነ።

አንዲት ሠራተኛ ጡረታ ስትወጣ «ምግቡን ለኔ ተዉት» አልኩ። እንደኛ አገር ድግስ አደረግኩት፤ የጾሙ ለብቻ፣ የፍስኩ ለብቻ፣ ለሙስሊሞቹ ሃላሉ ለብቻ። ልጅቷ ሽሮውን ልታወጣ ስትል ጠጋ ብላ «ጭልፋው ቅቤ ነክቷል ወይ?» አትለኝም! በፍልሰታ ማንኪያ ደጋግመሽ የምታሳጥቢን አንቺ ትዝ አልሽኝና ሳቄ አመለጠኝ። ተቀየመች። ሳስረዳት እሷም ሳቀች። ሰውዬው ዶሮውን ጨርሶ፣ ማንም ያላየው መስሎት ምስር ወጡን ደገመ።

ታረቁ አልልሽም፣ አልታረቁም። እኛስ ብንሆን ዓርብ ሥጋ የበላውን ስንቱን አምተናል? ድግሳችን ላይ ግን ማንም ጦሙን አያድርም።

ለገናቸውም አንቺው ሥሪ ብለውኛል። የፈረንጅ ገና በጾመ ነቢያት አይደል የሚውለው? ስለዚህ እነሱ ተርኪያቸውን ሲቆርጡ እኔ ከልጅቷ ጋር ልቀመጥ ነው። ሰውዬው ይህን ሲሰማ «አንቺም ከዳሽኝ?» አለኝ። የኛ ገና ሲደርስ ዶሮ ወጥ ይዤልህ እመጣለሁ ብዬዋለሁ።

አባዬን፣ እትዬን፣ ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ