በኢሙሌተር የተመዘገበ ሰዓት ሁሉ ማጭበርበር አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የቆዩ የኮንሶል (ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ የጌም ማጫወቻ) ጌሞችን በአጭር ሰዓት የመጨረስ ውድድርን፣ ተወዳዳሪዎቹ ስፒድረን የሚሉትን፣ አስመልክቶ በጋዜጣችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ለውድድሩ ንጽሕና መቆርቆራቸውን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ በኢሙሌተር፣ ማለትም ኮምፒውተርን እንደ ኮንሶል በሚያሠራ ሶፍትዌር፣ የተመዘገበን ሰዓት ሁሉ በጅምላ ማጭበርበር ብለው መፈረጃቸውን ልቀበለው አልቻልኩም።

ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ኢሙሌተር ጌሙን በፈለጉበት ቅጽበት አስቀምጦ ወደዚያው ለመመለስ፣ ፍጥነቱን ለመቀነስ፣ እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ተከታትለው ከሚታዩት ምስሎች አንዱን፣ ለየብቻ እየገፉ ለመጫወት ያስችላል። በዚህ መንገድ የሚሠሩት ግን የራሳቸው ዘርፍ አላቸው፤ በመሣሪያ የታገዙ መሆናቸው በግልጽ ይነገራል እንጂ በሰው እጅ ከተመዘገቡት ጋር አይደባለቁም። ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ተጫዋቹ ሳያስበው የሚያገኘው ጥቅም ነው። የኔንቲዶ ኮንሶል መቆጣጠሪያ ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ ቁልፍ ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ እንዳይጫኑ ሲከለክል፣ በኪቦርድ ግን ሁለቱንም መጫን ይቻላል፤ “ዜልዳ 2” በተባለው ጌም ይህ ባለታሪኩን ከልክ በላይ ያስፈተልከዋል። ስለዚህ ኢሙሌተሩ ተቃራኒ አቅጣጫዎችን በአንድ ላይ እንዳይቀበል ተደርጎ መዘጋጀት አለበት።

ዋናው ጥያቄ ኢሙሌተሩ ዋናውን ማሽን ምን ያህል በትክክል ይከተላል የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ የሚለካ ነገር ነው። ኔስ (NES) የተባለው የኔንቲዶ ኮንሶል በአሜሪካ በተሸጠው ዓይነቱ በሰከንድ 60.0988 ፍሬም ያሳያል። በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው “ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ” አንድ ደረጃ ካለቀ በኋላ ቀጣዩ የሚከፈተው በየ21 ፍሬሙ፣ ማለትም በየ0.35 ሰከንድ ገደማ፣ በሚመጣ ቅጽበት ብቻ ስለሆነ፣ በጥቂት ፍሬም የቀደመ ተጫዋች ቅጽበቱ እስኪደርስ መጠበቁ አይቀርም። ኢሙሌተር በዚህ ስሌት ላይ ቢሳሳት ስህተቱ ተደብቆ አይቀርም፤ ምክንያቱም በኢሙሌተር የተቀዳውን የቁልፍ አጫጫን ቅደም ተከተል በልዩ መሣሪያ አማካይነት ለእውነተኛው ኮንሶል መመገብ ይቻላል። ጌሙ በኮንሶሉም ላይ እስከ ፍጻሜው ያንኑ መንገድ ከተከተለ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይጠየቃል? በዚህ ጌም በ2021 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ በታች የገባው ተጫዋችም የተጫወተው በኢሙሌተርና በኪቦርድ ነበር። የዓመታት ልምምዱን በአንድ ቃል ማራከስ ግፍ ነው እላለሁ።

ለሁሉም ኮንሶል አንድ ዓይነት ፍርድ ይሰጥ ማለቴ አይደለም። ኔንቲዶ 64 ሥዕሉ ሲከብድበት ይንቀራፈፋል፤ ብዙዎቹ ኢሙሌተሮች ግን ይህን መንቀራፈፍ በትክክል ስለማያሳዩ ሰዓቱ ያጥራል። ዲስክ በሚያነቡ ኮንሶሎችም ጌሙ ከዲስኩ ተነቦ እስኪከፈት የሚወስደው ጊዜ በኢሙሌተር እንዲሁ ሊያጥር ይችላል። በእነዚህ ላይ የኮንሶልና የኢሙሌተር ውጤት ሰንጠረዥ ይለይ የሚሉ ሰዎች ትክክል ናቸው። ለሱፐር ኔንቲዶ ደግሞ ዜድስኔስ የተባለው የቆየ ኢሙሌተር ከማሽኑ አሠራር ስለሚርቅ ብዙ ተወዳዳሪዎች አይቀበሉትም፤ ልክም ናቸው።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት ሌላ ነገር አለ፤ እውነተኛ ኮንሶሎችም እርስ በርሳቸው እኩል አይደሉም። የሱፐር ኔንቲዶ የድምፅ ክፍል ፍጥነቱን የሚወስንለት የራሱ ሴራሚክ ክፍል አለው፤ ፍጥነቱም ከማሽን ማሽንና እንደ ሙቀቱ በጥቂቱ ይለያያል። በአውሮፓ የተሸጡት ኮንሶሎችም በሰከንድ 50 ፍሬም ገደማ ነው የሚያሳዩት። እኔ ራሴ ለዓመታት በያዝኩት ኮንሶል የካሴቱ ባትሪ አልቆ ያስቀመጥኩት ሁሉ ሲጠፋ አይቻለሁ። እነዚህ ዕቃዎች በየዓመቱ እያረጁና ቁጥራቸው እያነሰ ነው፤ ኮንሶል የሌለው ሁሉ ከውድድሩ ይውጣ ማለት ውድድሩን ዕቃው ላላቸው ጥቂቶች ብቻ መተው ነው።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ወደፊት እንዲህ ያለ ክብረ ወሰን ሲዘግብ ሰዓቱ በየትኛው ኮንሶል፣ ወይም በየትኛው ኢሙሌተርና በስንተኛው እትሙ እንደተመዘገበ፣ የተጫዋቹ የቁልፍ አጫጫንም በቪዲዮው ላይ ይታይ እንደሆነ አብሮ እንዲገልጽልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ