ዓድዋ የካቲት 22 አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በታሪክ ዕለታት ዓምዳችሁ የአንድ ቀን መዛነፍ ይታያል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ማርች 1ን በዘንድሮ ዓመት ስልክ ላይ ብትቀይሩት ግን የካቲት 22 ይወጣል! ፈረንጆች በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘለዋል፤ የእኛ ጳጉሜን 6 በየአራት ዓመቱ ከመምጣት ቀርታ አታውቅም። ስለዚህ ከዚያ በፊት የሆነን ነገር ድርጊቱ ከተፈጸመበት ዓመት ጋር አስገብታችሁ ቀይሩ።

ከጣና ማዶ የተነሡት የቋራው ካሳ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው። ዘንድሮ ሚያዝያ 6 የሚውለው ግን ኤፕሪል 14 ነው።

ዓመቱንም ሁልጊዜ 8 አትቀንሱ፤ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ነው።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከባሕር ዳር