ሐሙስ፦ ስለ ታካሚ መውደቅና ስለ መርፌ

ሰላም የዋርዳችን ልጆች፣ ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነርሶች ክፍል ለ40 ደቂቃ እንገናኝ። ጉዳዩ ሁለት ነው፤ የታካሚ መውደቅና በመርፌ መወጋት።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት አንዲት እናት ሽንት ቤት ለመሄድ ብቻቸውን ተነስተው ወደቁ። ሳገኛቸው እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጠው የእጃቸውን አንጓ ይዘዋል፣ አንድ ነጠላ ጫማቸው አልጋ ስር ገብቷል። የአልጋው የጎን ብረት ወርዶ ነበር፣ መብራቱም ጠፍቷል፣ አስታማሚያቸውም ውጭ ነበረች። መከላከል ይቻል ነበር፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው።

ሁለተኛው ያገለገለ መርፌ የምንጥልበት ሳጥን፣ ሴፍቲ ቦክስ ነው። ሦስት አራተኛው ሲሞላ መዘጋት አለበት፤ እኛ ግን መርፌ በአፉ ብቅ እስኪል እንጠቀጥቃለን። ከዚያ የሚወጉት የፅዳት ሠራተኞቻችን ናቸው። የተጠቀማችሁበትንም መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ። የተወጋ ሰው ቦታውን በውሃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ያሳውቅ፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነ በቶሎ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እባካችሁ፣ አፍራችሁ ዝም አትበሉ።

ስትመጡ ለጥቂት ሳይደርስ የቀረ አንድ አደጋ በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ፣ የሰው ስም ሳትጠቅሱ። የምንወስነው፦ በርክክብ ሰዓት አልጋውንና ወለሉን ማን ያያል? እኔ ርክክቡ አልጋው ዳር፣ ሁለቱም ተረኞች ባሉበት ይሁን ባይ ነኝ።

የምትመጡ እስከ ረቡዕ ማታ "አለሁ" በሉ። የሌሊት ተረኞች ሐሳባችሁን እዚሁ ጻፉልን። የፅዳት ባልደረቦቻችን እዚህ ግሩፕ ውስጥ የሉም፤ ማን ይነግርልኛል?