ዳፕና ዩሪያ፣ ከገላን

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ዝምታዬ በዝቷል፤ ይቅር በይኝ። ወቀሳሽን በአካል ስትመጪ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። አሁን ግን የጨርቅ እውቀትሽ በብርቱ አስፈልጎኛል።

ገላን ባለው ወርክሾፕ የእንሰት ቃጫን ከበቆሎ ስታርች ከሚገኘው ፕላስቲክ፣ ከፖሊላክቲክ አሲድ ጋር አዋሕደን የክፍል መከፋፈያ ሰሌዳ እናወጣለን። ቀላል ነው፣ ያምራል፤ ግን ይነድዳል። ፕላስቲኩ እየነደደ ይንጠባጠባል፤ ቃጫውም እንደ ኩራዝ ክር ነበልባሉን ይመግባል። ሰሌዳውን የሚፈልጉት ደግሞ መዋዕለ ሕፃናት ናቸው። የዚያን ሌሊት የመርካቶ ጭስ አብረን የዋጥን ነንና እንቅልፍ ለምን እንዳጣሁ አንቺ አታጪውም።

እሳት እንዲቋቋም ከሚጨመሩት አንዱ፣ አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ፣ ሲግል ውሃ እየለቀቀ ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን እንዲበቃ የሰሌዳውን ክብደት ግማሽ ያህል ይፈልጋል፣ ያኔ ሰሌዳው ይሰባበራል። ብሮሚን ያለባቸውን እሳት መከላከያ ኬሚካሎች ልጆች ወዳሉበት አላስገባም። ስለዚህ ገበሬው የሚያውቃቸውን ማዳበሪያዎች፣ ዳፕንና ዩሪያን ያዝኩ። ቃጫውን በሁለቱ ነክሬ፣ አድርቄ፣ በምድጃ አጋልኩት። ዳፕ ሲግል አሞኒያውን ለቅቆ ፎስፎሪክ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ቃጫው በሚነድድ ጋዝ ፈንታ ከሰል እንዲሆን ያስገድደዋል፤ ከሰሉም ሙቀቱን ይጋርዳል። በፕላስቲኩ ውስጥም የዳፕ ዘመድ የሆነውን አሞኒየም ፖሊፎስፌት ጨመርንበት።

ናሙናውን አቁሜ ሰቀልኩና ከሥሩ ጥጥ አነጠፍኩ። ለ10 ሰከንድ ነበልባል አስነካሁት። እሳቱን ሳርቅ ጠፋ! ዳግመኛ 10 ሰከንድ፤ እንደገና ጠፋ፤ ጥጡም አልተነካ። እንዴት እንደጮህኩ ብትሰሚ! ዘበኛው አደጋ መስሎት እየሮጠ ገባ።

ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። ያው አሲድ ቃጫውን ያደክመዋል። በ180 ዲግሪ ስንጨምቀው ይጠቁራል፤ ሰሌዳው ትንሽ ሲጎብጥ ቀጭ ይላል። ፖሊላክቲክ አሲድም ቢሆን ሙቀት ላይ እርጥበት ካገኘ ይፈርሳል፤ ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። አለቃችን «እሳቱን ካቆመ ምን ቀረ፣ እንሽጠው» ይላል። እኔ ልጅ ሲደገፈው የሚሰበር ግድግዳ አልሸጥም።

አንቺ የጥጥ ጨርቅ እሳት እንዲቋቋም ስታዘጋጂ፣ ከጋለ በኋላ የተረፈውን አሲድ በምን ታጥቢዋለሽ? በሶዳ ነው? ዩሪያውን ባበዛስ ቃጫውን ያተርፍልኛል? መቼም ቀለም ስትበጠብጪ እጅሽ ሰማያዊ ሆኖ ሰው ሰላም ማለት ያፍር የነበረው በከንቱ አልነበረም።

ሌላም ልነግርሽ የፈለግኩት... እሱ በደብዳቤ አይሆንም። ቅዳሜ ነይ። የተነከረውንም ያልተነከረውንም ቃጫ ለየብቻ አስቀምጬልሻለሁ፤ የፒኤች (የአሲድነት) መለኪያ ወረቀት ካለሽ ይዘሽ ነይ፣ የእኛ አልቋል።

ያንቺው