ጨው የገባበት ጀላቲ

አባዬ እንደምን አለህልኝ፣ እግርህስ? ቆይ እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

ይሄን መቼም እቴቴ ናት ጮክ ብላ የምታነብልህ፣ አይንህ ስልክ ላይ ስለሚያስቸግርህ። እቴቴ አደራሽን እንዳለ አንብቢለት፣ ደስ የማይልሽ ቦታ ስትደርሺ "ሰላም ብላሃለች" ብለሽ እንዳትዘይው፣ አውቅሻለሁ። መደወል አቅቶኝ አይደለም አባዬ። ስደውል አንተ "ደህና ነኝ፣ ልጆቹስ" ትላለህ፣ እኔ ስለ ልጆቹ አወራለሁ፣ ከዛ "በይ ካርድሽን አትጨርሺ" ብለህ ትዘጋዋለህ። አዲስ አበባ ከሄድክ ወዲህ ይኸው እንዲህ ነው ያወራነው።

ልጆቹ ደህና ናቸው (ይኸው ጀመርኩ)። ባቢ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ይፈተናል፣ ድምፁ ጎርንኖ አንተን ሆኗል፣ ስልክ ሲያነሳ ሰው ጋሼ ይለዋል። ሚጡ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ጣሪያ ላይ ወርውራቸዋለች፣ አሁን "አያቴ" ስትል ምራቋ ይረጫል። ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ከሀይቁ ትንሽ ንፋስ እንኳን የለም፣ ማታ ማታ በረንዳው ላይ አንተ ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ ብለው ይጣላሉ፣ እኔ ማንንም አላስቀምጥም።

የጀላቲ ማሽኗን አገኘኋት። ከኩሽናው ጀርባ ያለችውን ክፍል ሳጸዳ (ላከራያት ነው፣ አትቆጣ፣ የመድኃኒቱን ዋጋ እቴቴ ለብቻዋ አትችለውም) ከአሮጌው ፍራሽ ስር ነበረች። የእንጨት ባልዲዋ ደርቃ ሳንቃዎቹ ተላቀዋል፣ የብረት ቀለበቶቿ ወደ ታች ወርደዋል፣ ባቢ አይቶ "ተሰባብሯል ይጣል" አለ። እኔ ግን ፋሲካ ሲቀርብ የምታደርገው ትዝ አለኝና ውሃ ሞልቼ ጓሮ አስቀመጥኳት። የመጀመሪያው ቀን እንደ ወንፊት አፈሰሰች፣ በሁለተኛው ቀን እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ገጠመ፣ ጠብ አላለም። ባቢ ሶስቴ እየተመለሰ ሄዶ አያት።

ያለፈው እሁድ ዳግማይ ትንሳኤ አይደል፣ አንተ ሁሌ የምታወጣት ቀን። ልጆቹ ለምን በዚህ ጊዜ ብቻ አሉኝና 55 ቀን ጾመን፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ 50 ቀን ረቡዕም አርብም ሳይቀር ፍስክ ስለሆነ ወተቱን እንደልብ እንደምናገኝ፣ ሙቀቱም የሚበረታው ያኔ እንደሆነ ነገርኳቸው፣ እያወራሁ በአንተ ድምፅ እያወራሁ እንደሆነ ገባኝ። የባህር ዳሯን ፖሊቴክኒክ በ1955 ከራሺያ ጋር ነው የከፈቷት ብለህ የምትጀምራትንም ልጀምር ምንም አልቀረኝ ነበር፣ ከዛ ራሺያው መምህር ሲሄድ ማሽኗን እንዴት እንደሸጠልህ።

በረዶውን እንደ ድሮው ከሀይቁ ዳር ከአሳ ነጋዴዎቹ አመጣሁ። ፍሪጅ እያለ ምን አስሄደሽ አትበለኝ፣ በላስቲክ ያስቀመጥኩት ሁሉ አርብ ማታ መብራት ጠፍቶ ውሃ ሆነ። በማዳበሪያ ጠቅልዬ በባጃጅ ሳመጣው ሹፌሩ ወንበሬን አራስሽብኝ ብሎ ሀምሳ ብር ጨመረብኝ። በር ላይ ስደርስ ሽታው ቀድሞኝ ገባ፣ አምባዛ አምባዛ። አሞሌውን በሙቀጫ ወቀጥኩት፣ ለአምስት ጣሳ በረዶ አንድ ጣሳ ጨው፣ "በረዶ ብቻውን ሰነፍ ነው" ትል አልነበር። ባቢ ደግሞ በሳይንስ ተምሮታል፣ ጨው ሲገባበት በረዶው ከዜሮ በታች ሆኖም ይቀልጣል፣ ሲቀልጥ ደግሞ የወተቱን ሙቀት ይስባል፣ እስከ 21 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል ብሎ አስረዳኝ። እኔ ይሄን እጄን ከትቼ ነው የተማርኩት፣ ጣቴ ነጭ ሆኖ ሲቆነጥጠኝ።

ወተቱን እንደ እማዬ ነው የሰራሁት ነፍሷን ይማር፣ አስኳሉን ከስኳሩ ጋር መትቼ፣ እሳቱን አሳንሼ፣ ማንኪያው ጀርባ ላይ እስኪይዝ ድረስ እያማሰልኩ። ከፈላ እንቁላሉ ፍርፍር ይሆናል። ከዛ ሌሊቱን ፍሪጅ አሳደርኩት፣ ደግነቱ መብራቱ መጥቶ ነበር።

ወተቱ ወደሚገባባት ጣሳዋ ልምጣ። ቅዳሜ ሳጥባት፣ ከስሯ፣ ዙሪያውና ወለሉ የሚገጥሙበት መስመር ላይ፣ ባቄላ የምታክል የሊድ ብየዳ አየሁ። በጥፍሬ ነካሁት። ለስላሳ ነው፣ በደንብ ተሞርዷል፣ የአንተ ስራ እንደሆነ ከሩቅ ይታወቃል። ባቢ ሊድ መርዝ ነው ብሎ ስለጮኸ ሰፈር ያለው በያጅ ጋ ወስጄ አስፋቅኩት፣ ሲፋቅ ከስሩ መርፌ የምታሳልፍ ቀዳዳ ወጣች። ሌላ መርዝ በሌለው አስደፈንኩት። ሳይፋቅ ግን ፎቶ አንስቼዋለሁ። ለምን እንዳነሳሁት አንተ ታውቃለህ።

አስራ አንድ አመቴ ነበር። የመስሪያ ቤት ጓደኞችህ ተጋብዘው፣ ወንድሜ ማሙሽ ኳስ ሜዳ ሄዶ ቀርቶ፣ እኔ ላዙር ብዬ ለምኜህ "በይ እስቲ" ብለህ እጀታውን ሰጠኸኝ። መጀመሪያ ላይ ክርር ክርር ትላለች፣ ቀላል ናት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ድምጿ ይወፍራል፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ እምቢ ትላለች፣ እዛ ጋ ነው ሰው የሚያቆመው፣ እኔ አላቆምኩም። በሁለት እጄ፣ በደረቴ ተደግፌ፣ ባልዲዋን በጉልበቴ ይዤ። መቅዘፊያውን ስታወጣው ነጭ ሆኖ ተጣብቆበት ነበር፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ። መጀመሪያ የቀመስከው አንተ ነህ። ግቢው ላይ ተፋኸው። ጨው ነበር። ከዛ ለሰዎቹ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለሴት እጅ የሰጠሁት እኔ" አልክ፣ ሳቁ፣ እማዬም ሳቀች። እኔ ቁጥቋጦው ጋ ሄጄ እጄን አየሁት፣ እጄ ላይ የሆነ ነገር ያለ መስሎኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ማሙሽ አዞረ፣ ጀላቲው ወተት የመሰለ ጣፋጭ ሆነ፣ ሁሉም የማሙሽን ክንድ አደነቀ። እኔ ከዛ በኋላ አልነካኋትም። ይኸው አርባ ስንት አመቴ ነው፣ ወጥ ጨው ሲበዛብኝ አሁንም የምሰማው አንተን ነው።

አባዬ፣ በሁለቱ እሁዶች መሀል ነው የበየድከው። ሌላ ጊዜ ሊሆን አይችልም። ጣሳዋን ወርክሾፕ ወስደህ፣ ውሃ ሞልተህ፣ ከየት እንደሚያፈስ አይተህ፣ ደፍነህ፣ ሞርደህ፣ መልሰህ አመጣህ። ከዛ ማሙሽን ጠርተህ እጀታውን ሰጠኸው። አንዲት ቃል፣ "ቀዳዳ ነበረባት" ማለት ብቻ። ለኔ እንኳን ባይሆን ለእማዬ። እሁድ ዕለት ይሄን እያሰብኩ ነው ያዞርኩት፣ ተናድጄ ስለነበር በ20 ደቂቃ ረጋልኝ። ባቢ ደግሞ ስልኩን ከፍቶ እማ ይቺን ማሽን እኮ በፈረንጆች 1843 ፓተንት ያወጣችባት ናንሲ ጆንሰን የምትባል አሜሪካዊት ናት አይለኝ! ሳቄ መጣ፣ ሳቄ መጣና ደግሞ አለቀስኩ፣ ልጆቹ ደነገጡ።

ጀላቲው ጥሩ ነበር። ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ጣሳዋን ከሁለት ሶስተኛ በላይ ስለሞላሁት ነው መሰለኝ፣ አየሩን ሲይዝ ማበጫ ቦታ አጣ። ለጎረቤቶችም ደረሰ። የእናቷን ቀሚስ ይዛ የምትቆመዋ የታች ቤቷ ልጅ ሶስቴ መጣች።

አሁን እግርህ።

እቴቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሹክሹክታ ነው የደወለችልኝ፣ ይቅርታ እቴቴ፣ ግን ይወቀው። አውራ ጣትህ ጠቁሯል አሉ። ሐኪሙ አሁን ከሆነ ጣቱ ብቻ ነው፣ ከዘገየ ግን እየወጣ ይሄዳል፣ እስከ ጉልበትም ሊደርስ ይችላል ብሏችኋል። አንተ ደግሞ "ሙሉ አካሌን ይዤ ነው የምቀበረው" ብለህ ወረቀቱን አልፈርምም አልክ። ቁስሉን ለስንት ሳምንት በካልሲ ሸፍነህ እንደያዝክም ሰማሁ። ሚስማር ጫማህን በስቶ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ስትሄድበት እንዳልተሰማህ፣ ሲሰማህም በአልኮል ጠርገህ ጨርቅ አስረህ ዝም እንዳልክ። ስኳር እግር ያደነዝዛል፣ ያ የአንተ ጥፋት አይደለም። ካየኸው በኋላ ዝም ያልከው ግን ያንተ ነው። ጣሳዋንም እንዲሁ ነበር ያደረግካት። ስድብ አይደለም የምሰድብህ፣ ፈርቼ ነው። እንዲህ ብዬህ አላውቅም፣ ፈርቻለሁ።

አዲሱን ድልድይ ሲሰሩት አጥሩ ስር ቆመህ ስታይ ትውል ነበር፣ 2016 ግንቦት ላይ ሲመረቅ "አንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር በእግሬ" አልክ፣ ከዛ በባጃጅ እንጂ በእግርህ ሳትሻገረው ሄድክ። 380 ሜትር ነው አባዬ። አውራ ጣት የሌለው ሰው በምርኩዝ ይሻገረዋል፣ እኔ ጎንህ እሆናለሁ፣ ደክሞህ መሀል ላይ ከቆምክም አባይን እያየን እንቆማለን። ጉልበት የሌለው ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ፈርም። እባክህን እኔ እስክመጣ አትጠብቅ፣ ፈርም።

ሐሙስ ጠዋት በፕሌን እመጣለሁ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ፣ በመኪና አልሞክረውም። ልጆቹ አባታቸው እህት ጋ ያድራሉ። እቴቴ፣ ኢንሱሊኑን ፍሪጁ በር ላይ አድርጊው፣ በረዶ ቤቱ አጠገብ አይሁን፣ ከቀዘቀዘ ተበላሸ ማለት ነው፣ ሲቀልጥ ደህና ቢመስልሽም እንዳትወጊው። የጠዋት ልኬቱንም ደብተር ላይ ጻፊ፣ በቃል አትንገሪኝ።

ስመጣ ስለ ብየዳው አልጠይቅህም። ልጠይቅህም እችላለሁ፣ እንጃ።

አንድ ነገር፣ የእጀታዋ ብሎን የለችም፣ ባቢ በሽቦ አስሮ ነው ያዞርናት፣ እየተንሸራተተች አስቸገረችን። አንተ እንዲህ ያለ ነገር ጣሳ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር፣ የትኛው ጣሳ እንደሆነ ለእቴቴ ንገራትና ትጻፍልኝ።

ልጅህ